የሞረድከው ማንኪያ

ጎረቤላ
ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለልጄ ለያለው
ሻኪሶ

የሆዴ ፍሬ፣ እንዴት ከርመሃል? እዚህ ውርጩ ጀምሯል፤ ሻኪሶ እንደ ጎረቤላ አይበርድም ስላልከኝ ስለ ብርድህ አልጨነቅም። ላሟ ወልዳለች። ክረምት ያፈሰው ጣራ ተጠግኗል። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ግን ደህና አይደለሁም፤ ተቆጥቻለሁ። በስልክ ስጀምርልህ «እማዬ፣ ኔትወርክ የለም» ብለህ ዘጋኸው። ኔትወርክ ነበር። ወረቀት እንደ ስልክ አይዘጋምና እስከ መጨረሻው አንብበው።

ባለፈው ሳምንት ጓደኛህ ቴዎፍሎስ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። እንደምታውቀው አፉ አያርፍም።

«እትዬ ንጋቷ፣ ቶሎ ከጨረስሽልኝ የጣሊያን ዕቃ እሸልምሻለሁ» አለኝ።

«የጣሊያን ዕቃ ለእኔ ምን ይሠራልኛል?»

«ወጥ ትቀምሽበታለሻ! ጨው ቢጎድለው እንኳ ይጣፍጥልሻል።»

ከኪሱ ማንኪያ አወጣ። ለመስቀል መጥተህ በወርቅ መፈለጊያ ማሽንህ ከደብረ ሲና በላይ ካለው አሮጌ ምሽግ ካወጣችሁት ዕቃ አንዱ ነው። ሹካውን፣ ሳህኑንና ኮዳውን ለፈረንጅ አሮጌ ዕቃ የሚሸጠው የአዲስ አበባ ሰውዬ የጣሊያን ነው ብሎ ወስዶታል፤ ይኼ አንዱ ብቻ ተመለሰባችሁ።

«ለምን መለሰው?»

«ልጅሽ ያለው የእጀታውን ፊት ጽሑፍ ሞርዶ የጀርባውን ረሳው። ሰውዬው ገልብጦ አየና 'የጣሊያን ወታደር አማርኛ የተማረው መቼ ነው?' ብሎ ሳቀብን።»

ተቀብዬ ገለበጥኩት። እጀታው ጀርባ ላይ በወስፌ ተወግቶ «ወለተሐና» ይላል።

ልጄ፣ ወለተሐና የእኔ የክርስትና ስም ነው። አንተ አታውቀውም። የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም ተብለን ነው ያደግነው። የሚያውቁት የሞተችው እናቴ፣ የንስሐ አባቴና አንድ ሌላ ሰው ብቻ ናቸው።

መቀሱን አስቀምጬ «ፊቱ ላይስ ምን ይል ነበር?» አልኩት።

«እኔ እንጃ፣ የቄስ ስም ነገር ነው። ወልደተንሣኤ መሰለኝ። ያለው 'ይኼ ደግሞ የትኛው ደብተራ ነው?' እያለ ነው የሞረደው።»

ወልደተንሣኤ አባትህ ነው። አድማሱ የዓለም ስሙ ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ በፈቃድ ሲመጣ ያን ማንኪያ ከከስክስ ጫማው አንገት መዘዘና ጠረጴዛ ላይ አኖረው። እኔ ሳቅሁበት፤ ሌላው ሽጉጥ ይታጠቃል፣ አንተ ማንኪያ ትታጠቃለህ አልኩት። «አትሳቂ» አለኝ። «ወታደር ሲከዳ ጠመንጃውን ይጥላል እንጂ ማንኪያውን አይጥልም። የትም ቢደርስ መብላቱ አይቀር!» ከዚያ ወስፌዬን ተቀብሎ ስሙን መውጋት ጀመረ። ለምን አድማሱ ብለህ አትጽፍም ስለው፣ «አድማሱን ሻለቃው ያውቀዋል። ብሞት ቄስ የሚፈልገው ይኼኛውን ነው» አለ። ተናድጄ ነጠቅሁትና በጀርባው የራሴን ወጋሁበት። አንተ ያኔ በሆዴ ነበርክ።

ከዚያ ወዲህ በእርስ በርስ ጦርነቱ ድምፁ ጠፋ። ከጦሩ የተመለሰ አንድ ሰው ሞያሌ ላይ ከሴት ጋር አየሁት አለ፤ አገሩ ሁሉ አመነው። አያትህ እስክትሞት ድረስ «ልጄን ያስኮበለልሽው አንቺ ነሽ» ስትለኝ ኖረች። ፍትሐት ላድርግለት ብል በሕይወት ላለ ሰው አይፈታም ተባልኩ። ጥቁር ልልበስ ብል ለኮብላይ ነው ወይ ተባልኩ። ሚስትም መበለትም ሳልሆን ሠላሳ ዓመት የሰው ልብስ ሰፋሁ። አንተም የኮብላይ ልጅ እየተባልክ አደግህና መታወቂያ ስታወጣ የአባትህን ስም ትተህ የአባቴን አስጻፍክ።

እሱ ግን ሞያሌ አልነበረም። ደብረ ሲና ጨርቅ ልገዛ በወረድኩ ቁጥር ከራሴ በላይ፣ ከዚያ ተረተር ላይ ነበር። ማንኪያውን ጥሎ አልሄደም። የትም አልሄደም።

ቴዎፍሎስን ሌላ ምን አገኛችሁ አልኩት። ያኔ ነገሩ ስለገባው መሬት መሬት እያየ ነበር።

«ከማንኪያው ጋር አጥንት ነገር ነበር፣ እትዬ። እኔ ታች መኪናው ጋ ነበርኩ። ልጅሽ ከላይ ሆኖ 'የበቅሎ ነው!' ብሎ ጮኸልኝ። አፈሩን መለሰበትና ወደ ሌላ ቦታ ሄደ።»

የበቅሎ! በቅሎ በማንኪያ ትበላለች እንዴ፣ ያለው?

የተቆጣሁት አባትህ መሆኑን ስላላወቅህ አይደለም። ስሙን ሳልነግርህ ከየት ታውቃለህ? የተቆጣሁት የሰው ስም መሆኑን እያወቅህ ስለሞረድከው ነው። የጣሊያን ስም ቢሆን ኖሮ በዘይት አሽተህ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ ትወስደው ነበር። የራስህ አገር ሰው ስለሆነ ዕቃውን አረከሰብህ። አንድ ምስኪን ወታደር ብሞት ቄስ በዚህ ይጥራኝ ብሎ ወግቶ ያቆየውን፣ አንተ ፈረንጅ አይገዛውም ብለህ አጠፋኸው። አንዴ ከመታወቂያህ ፋቅኸው፣ አንዴ ከማንኪያው ፋቅኸው። ሦስተኛ እንዲኖር አልፈቅድልህም።

የንስሐ አባታችን አባ ዘርአ ዳዊት ጋ ሄጄ ማንኪያውን አሳየኋቸው። ገልብጠው ስሜን አነበቡት። ከዚያ «ስሙን አግኝተናል፤ ፍትሐቱን እናደርሳለን። አፅሙ ከተገኘ ደግሞ አምጡት፣ ከደብሩ እናሳርፈዋለን። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ግን ይምራን» አሉኝ።

ቅዳሜ ዕለት ቴዎፍሎስን ይዤ ወጣሁ። ተረተሩን ፍልፈል የሰፈረበት አስመስላችሁታል። የትኛው ነው ስለው ይኼ ይሆን፣ ያ ይሆን ይላል። እያንዳንዱ ጉድጓድ አጠገብ ቆምኩ። በየትኛው ላይ ማልቀስ እንዳለብኝ አላወቅሁም፤ ስለዚህ ሳላለቅስ ተመለስኩ። ባለመሬቱም ሰው ጉድጓዶቹን ደፍኖ ለበልግ ሊያርሰው ነው። ጥቂት ታገሠኝ ብዬ ለምኜዋለሁ፤ ዝናብ እስኪጥል ይታገሠኝ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ግን በሬ ይገባበታል።

ስለዚህ ና። ማሽንህን አታምጣ፤ ማሽን ብረት እንጂ አጥንት አይሰማም። ከአባትህ ጋር የነበረውን ብረት አንተ አውጥተኸዋል። አሁን ያንን ጉድጓድ የሚያውቅ ከዓይንህ በቀር ምንም የለም። ወርቁ አይሸሽህም። ና፣ በጣትህ ጠቁመህ «እዚህ ነው» በለኝና ከፈለግህ በማግሥቱ ተመለስ።

እጅህን ልረግም አስቤ ነበር። ወዲያው ትዝ አለኝ፤ ሞረዱን የያዘው እጅህ የእሱ እጅ ነው፤ አውራ ጣትህ እንኳ እንደሱ ወደ ኋላ ይቀለበሳል። ተውኩት። እግዚአብሔር ከናዳና ከክፉ ሰው ይጠብቅህ። መንገድህንም ያቅናልህ፤ ወደዚህ ያቅናው።

ፖስታው ላይ «ያለው አድማሱ» ብዬ ጽፌያለሁ። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ሹፌር በመልክ ስለሚያውቅህ መታወቂያ አይጠይቅህም።

ማንኪያው እኔ ዘንድ ነው። የእሱ ስም የለም፤ የእኔ ግን ቀርቷል። በቀረው ፈርሜልሃለሁ።

እናትህ
ወለተሐና