ድጓ በታብሌት

ቢቸና፣ ጥቅምት 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለእንዳለው፤

የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔና እናትህ፣ ክብር ለእሱ ይሁን፣ ደኅና ነን። የዘንድሮው ጤፍ አምሮበታል።

«ታብሌት ልግዛልዎ ወይ?» ላልከው፣ መልሴ እስከ ትናንት «ለሽማግሌ ምን ያደርጋል?» ነበር። ድጓው እንደሆነ በቃሌ ነው። ትናንት ግን ወይንእሸት ሱቅ ገብቼ አየሁት። ድጓውን ከነዜማ ምልክቱ ከፈተችልኝና «የኔታ፣ በሁለት ጣትዎ እንዲህ ከፈት ያድርጉት» አለችኝ። ባደርገው ፊደሉ እያደገ መዳፌን አከለ! አማተብኩ። «ኧረ አይነክስዎትም!» ብላ ሳቀችብኝ።

ባለፈው ሳምንት ከሞጣ የመጣውን ተማሪዬን ቀለሙን «በዜማው ላይ ያልተጻፈ የይዘት ነጥብ አትጨምር» ብዬ በጓደኞቹ ፊት ተቆጥቼው ነበር። መጽሐፉን አምጥቶ «ይኸው የኔታ፣ ነጥቧ አለች» አለኝ። «የዝንብ ኩስ ነው» አልኩት። ትናንት ወይንእሸትን ያንኑ ገጽ አስገለጥኳት። ሳሰፋው ይዘቷ ከፊደሉ አናት ላይ እንደ ባቄላ ጉብ ብላለች።

ቀለሙና ሁለት ጓደኞቹ ወደ ደብረ ወርቅ ሌላ መምህር ጋ ሊሻገሩ ነው ይባላል። ብርዱ ሳይከብዳቸው አልቀረም። ዛሬ ጠዋት ጠርቼው ያንኑ ዜማ ከነይዘቱ በጓደኞቹ ፊት እንዲደግመው አደረግሁ። አላቋረጥኩትም።

እንግዲህ ግዛው፤ ለተማሪዎቹ ይጠቅማል። ትልቅና ትንሽ አለው አሉ፤ ትልቁ ይሁን። ለገና ይዤው እመጣለሁ ብለህ አታቆየው፤ መጀመሪያ በምታገኘው መንገደኛ ላከው።

የደጅህን ሰላም ያብዛልህ።

አባትህ መሪጌታ ገብረ ማርያም