ወንዙ ጥሎት የሄደው ቤት

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? ዓይንሽን ሲያስለቅስሽ የነበረውስ ተወሽ? እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ ጤናዬ ደህና ነው፤ የሚያመኝ አንቺን አለማየቴ ብቻ ነው። ይህን የምታነቢላት እህቴ ሆይ፣ ትከፋለች ብለሽ አንድ ቃል እንዳታልፊ። አመልሽን አውቃለሁ።

የእህቴ ደብዳቤ ደርሶኛል። ከዚያ ሁሉ ጎርፍ በኋላ ወንዛችን አቅጣጫውን ቀይሮ መራቁን፣ ጎረቤቱ በሙሉ ወደ አዲሱ ዳርቻ መውረዱን፣ ወፍጮው እንኳ ተነቅሎ መሄዱን ጽፋልኛለች። አንቺ ግን ግግም ብለሽ ቀርተሻል አሉ። ውሃ ፍለጋ አንድ ሰዓት እየሄድሽ፣ ልጄ ሲመጣ ቤቱን ባዶ አግኝቶ የት ይገባል ትያለሽ አሉ።

ሥራዬ ያው ሙዚየም ጥበቃ ነው። የጥንት ሰዎች ዕቃ በመስታወት ተዘግቶበት ሰው እየከፈለ የሚያይበት ቤት ነው። ለእኔ የወንዝ ዳር አገሮች ክፍል ጥግ ላይ ወንበር ተሰጥቶኛል። በቀን መቶ ሰው ያልፋል፤ የሚያናግረኝ ካለ ሽንት ቤቱ የት ነው ብሎ ነው። አንዳንድ ቀን ክፍሌ ስገባ፣ ሙሉ ቀን ከአፌ የወጣው “በግራ በኩል” ብቻ መሆኑ ትዝ ይለኝና ለግድግዳው እንዴት ዋልክ እለዋለሁ። አትሳቂብኝ፤ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፣ እኔ ደግሞ መድኃኒቱ ጠፍቶኛል።

አስጎብኚዋ በየቀኑ የምትለውን በቃሌ ይዤዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ከተሞች የበቀሉት ትልልቅ ወንዞች ለም አፈር ባነጠፉበት ነው ትላለች። እህል ሲትረፈረፍ ሁሉም ማረሱ ቀረና አንዱ ሸክላ ሠሪ፣ አንዱ ሸማኔ፣ አንዱ ዳኛ ሆነ። ቦይ ብቻውን ቆፍሮ የሚጨርስ ስለሌለ ተሰብስበው አለቃ ሾሙ። የጎተራውን እህል በቃል መያዝ ሲያቅታቸው መጻፍ ጀመሩ። ወንዙ በጊዜው የሚሞላለት አገር ተረጋግቶ ኖረ፤ ሳይታሰብ የሚያጥለቀልቀው ደግሞ አማልክቱ ሁሉ ቁጡዎች ነበሩ። ይህን ስሰማ አንቺና አባቴ ከጎረቤት ጋር በውሃ ተራ ስትጣሉ፣ ቦዩ ሲደፈን ደግሞ ታርቃችሁ አብራችሁ ስትቆፍሩ ይታየኛል።

እዚያ ክፍል ውስጥ ወንዝ ጥሏት የሄደ የአንዲት ከተማ ምስል አለ። ጠላት አልነካትም፤ ውሃው ሲርቅ ሰዉ ዕቃውን ተሸክሞ ተከተለው። ባለፈው ማክሰኞ አስጎብኚዋ ለተማሪዎች፣ ሁሉም ከሄደ በኋላ አንድ ቤት ብቻ ለዓመታት እሳት ሲነድበት እንደነበር፣ የቤቱ ሰዎች ለምን እንደቀሩ ግን የሚያውቅ እንደሌለ ነገረቻቸው። እኔም ሳላስበው ከወንበሬ ብድግ ብዬ፣ ልጅ እየጠበቁ ነዋ አልኩ! ጥበቃ በጉብኝት መሀል አይናገርም። ተማሪዎቹ ዞረው አፈጠጡብኝ። አስጎብኚዋ ቀስ ብላ በምን አወቅህ ስትለኝ ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

እማዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ዘንድሮ እመጣለሁ ብዬ ሰባት ጊዜ ጽፌልሻለሁ። ሰባቱንም ጊዜ እንደማልመጣ አውቅ ነበር፤ ደስ ይበላት ብዬ ነው። እዚያ ደረቅ ሜዳ ላይ ያስቀረሽ የእኔ ውሸት ነው። ዘንድሮም አልመጣም፤ የከርሞውንም አላውቅም። አባቴ እዚያ ቤት የሠራው ቦታው አምሮት ሳይሆን ውሃው ቀርቦት ነው፤ ቢኖር ኖሮ ከሁሉም ቀድሞ ይነሣ ነበር። ተነሽና አዲሱ ዳርቻ እህቴ ዘንድ ግቢ። የመጣሁ ቀን መንገዱ አይጠፋኝም፤ ውሃ ወዳለበት ወርጄ የእናቴን ቤት አሳዩኝ እላለሁ። በሩን ቆልፊው፤ ቁልፉን ግን ለእኔ ብለሽ ድንጋይ ሥር አታስቀምጪ።

እህቴን ግንባሯን ሳሚልኝ። ባሏን፣ ለአንቺ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ስለሠራልሽ እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ። መልካቸውን የማላውቃቸውን ልጆቿን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። አክስቴን፣ የወፍጮውን ባለቤት፣ ያንን ነገረኛ ጎረቤታችንንም ሳይቀር ሰላም በይልኝ። ለአሮጌው ቤት ግን ሰላምታ አልላክሁም፤ ከእንግዲህ እዚያ የማውቀው ሰው የለም።

የሚወድሽ ልጅሽ
ከሙዚየሙ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ጥቅምት ፲፪ ቀን