ከድር እግሩን ሊሰብር የሞከረበት ሰሞን

ረቡዕ

ዛሬም አልተሰበረም።

ክርኑ ተልጧል። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። ግራር ውስጥ ስለገባ ጀርባው እሾህ በእሾህ ሆኗል። አጥንቱ ግን ደህና ነው። ጓዳ አስተኝቼ እሾሁን በመርፌ ስነቅልለት ትራሱን ነክሶ ይስቃል። «ሙኒራ፣ እኔ ከጎማ የተሠራሁ መሰለኝ» ይለኛል። እኔ አልሳቅኩም።

ባለፈው እሁድ ቀበሌ ስብሰባ ላይ የወንድሜ ስም ለውትድርና ተነበበ። በሚመጣው ሰኞ ይቀርባል። አምና ከሰፈራችን የሄዱት አንዳቸውም አልተመለሱም። የልብስ ሰፊው ልጅ ብቻ ክንዱ ተሰብሮ ስለነበር ሐኪም አይቶ መለሰው። ከድር ይህን አስታውሶ ነው ብስክሌት የተከራየው። ሰው ራሱን በድንጋይ ቢሰብር ያስሩታል። ከብስክሌት መውደቅ ግን የወጣት ዕብደት ነው፣ ማንም አይጠይቅም። ስለዚህ ሰው እያየው በጠራራ ፀሐይ ያብዳል።

የዛሬው እንዲህ ነበር፦ ከከተማው መውጫ ያለውን ቁልቁለት እጁን ለቆ፣ እግሩን መሪው ላይ ሰቅሎ ወረደ። ከብት የሚነዱ ሰዎች ከመንገድ እየሸሹ ሰደቡት።

እናቴ ምንም አታውቅም። «ይኼ ልጅ ሊሄድ ሲል ሕፃን ሆነብኝ» እያለች ታለቅሳለች።

ሐሙስ

ገበያ ነበር። ሱቃችን በር ላይ ቆሜ ሳለ ከድር ፔዳሉ ላይ ቆሞ፣ እየጮኸ፣ በሕዝቡ መሃል መጣ። ግመል ሊገጭ አስቦ ነበር። ግመሏ ዘላ አለፈችውና የአንዲት ባልቴት ወተት ላይ ወደቀ። ጮጮው ተገለበጠ። ባልቴቲቱ ጎንበስ ብለው «አካም? ናጋ?» አሉት። እሱም ወተት እንደነከረው መሬት ላይ ተዘርግቶ «ናጋ» አለ። እርግማኑን ያወረዱበት ሰላምታው ካለቀ በኋላ ነው። ገበያው ሁሉ ሳቀ።

አባቴ ቀበቶውን ፈትቶ በሕዝብ ፊት ገረፈው።

ከዚያ ሱቅ ገባ፤ ስኳር ጆንያው ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። «ሰኞ የሚሄድ ልጄን ገረፍኩት» አለኝ። ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አባቴ ግን ውሸት አይችልም፤ ቀበሌ ቢጠይቁት ፊቱ ያጋልጠናል።

ከድር አንድ ጥርሱ ተነቃንቋል። በጥርስ ማንንም አይመልሱም።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ጉዮ ጋ ሄድኩ።

ጉዮ ከሱቃችን ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ብስክሌት ይጠግናል፣ ያከራያል። ከድርና እሱ አብረው ነው ያደጉት። ሰፈሩ ሁሉ አዮ፣ እናት፣ የሚላቸው የሎኮ አንድ ልጅ ነው፤ አባቱ ሞቷል። የመበለት አንድ ልጅ አይወሰድም ብሎ የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ በስብሰባ ተናግሯል፤ ለእሱ የሚሰጋ የለም። ስለ ጉዮ ብዙ መጻፍ አልወድም። ስጽፍ ፊቴ ይግላል።

«አይሳካለትም» አለኝ የጎማ ካማራዳሪ እየለጠፈ። «ከላይ ሲነሳ ጀግና ነው። መሃል ላይ ሲደርስ እጁ ፍሬኑን ይይዛል። እሱ አይደለም የሚይዘው፣ እጁ ነው።»

«እንግዲያው ፍሬኑን ፍታው።»

ቀና ብሎ አየኝ።

«ቢሞትስ ሙኒራ?»

«ሰኞ ቢሄድስ?»

በኦሮምኛ ለራሱ የሆነ ነገር አጉተመተመ። ብዙ ቆይቶ መፍቻውን አነሳ። የፈታው እኔ ስላልኩት ነው። ከድር ብቻውን ቢለምነው እምቢ ይል ነበር፤ አውቃለሁ።

ቅዳሜ

ተሰበረ።

ጠዋት ሦስታችንም ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ነበርን። ከድር ዛሬ አልሳቀም። «አንቺ ዞር በይ» አለኝ። አልዞርኩም። ወረደ። መሃል ላይ ሲደርስ እጁ ፍሬኑን ሲፈልግ ከሩቅ አየሁ፤ ጣቶቹ ይጨብጣሉ፣ ይለቃሉ፣ ደግሞ ይጨብጣሉ። ከዚያ ከመንገድ ወጥቶ ኩይሳ መታ።

እኛ ያሰብነው ትንሽ ስብራት ነበር። በጄሶ የሚታሰር፣ በወር በሁለት ወር የሚድን። የቅልጥሙ አጥንት ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል።

ጉዮ በጀርባው አዝሎት እስከ ሆስፒታል ሮጠ። ሽቅብ ነው፤ አንዴም አላረፈም። እኔ የከድርን አንድ እግር ጫማ ይዤ ከኋላ እሮጣለሁ። ለምን ጫማውን እንደያዝኩ አላውቅም።

ከድርን ተቀብለው አስገቡት። ጉዮ ሸሚዙ ሁሉ ደም ሆኖ፣ ትንፋሽ ልሰብስብ ብሎ ወጣ። ወሬው ቀድሞን ኖሯል፤ የቀበሌው ጥበቃዎች በር ላይ ቆመው ነበር። በመስኮት ሰማኋቸው። «ከቀበሌያችን ኮታ አንድ ሰው ጎደለ» አለ አንደኛው። ጉዮ በአማርኛም በኦሮምኛም የመበለት ልጅ መሆኑን ነገራቸው።

«ይኼን የሚያህል ሰው አዝለህ ከሮጥክ ጠመንጃ አይከብድህም» አሉት።

ስወጣ ክንዱን በሁለት በኩል ይዘውት ሄደዋል። ጮህኩ። ሰው ሁሉ ወንድሟ ሞተባት መሰለው።

እሁድ

አባቴ ከሽማግሌዎች ጋር ሊቀመንበሩ ቤት ሄዶ ተመለሰ። «ልጅህ ይነሳና ይለውጠው» ብሎታል። አባቴ ሊቀመንበሩ ፊት ተንበርክኮ እንደነበር የነገሩን ሽማግሌዎቹ ናቸው።

የከድር እግር አይቆረጥም፤ ግን ያጥራል ብለዋል ሐኪሙ። እናቴ አልሃምዱሊላህ አለች። አብሬያት ማለት አቃተኝ።

ከሰዓት በኋላ አዮ ሎኮ ሆስፒታል መጡ። ልጃቸው ታስሮ፣ ለከድር ወተት ይዘው። ስለ እናቴ ሰላም፣ ስለ አባቴ ሰላም፣ ስለ ቤቱ ሰላም ጠየቁ። ከድር መቻል አቃተው። «አዮ፣ ሆን ብዬ ነው የወደቅኩት። እንዳልሄድ ነው» አላቸው በኦሮምኛ። ፍሬኑን ያስፈታሁት እኔ እንደሆንኩም እዚያው ጨመርኩ። የእኔ ድምፅ አልመሰለኝም።

አዮ ሎኮ ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩን። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወተቱን አልጋው ሥር አስቀመጡና ወጡ። እርግማን እየጠበቅሁ ነበር። ቢረግሙን ይሻል ነበር።

ሰኞ

ወሰዷቸው። በኡራል መኪና ጭነው፣ ሙዚቃ እየተነፋ። ከድር «ዱላ ስጡኝ፣ እኔ ልቅረብ» እያለ ከአልጋው ወርዶ ወድቋል፤ እናቴና ነርሷ ይዘውት ቀሩ።

እኔ አደባባዩ ደረስኩ። ጉዮ ከኋላ ጥግ ቆሟል። ያ ደም ያለበት ሸሚዝ አሁንም ገላው ላይ ነው። ሌሎቹ እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ እሱ የመኪናውን እንጨት ይዟል። ሲያየኝ «እናቴ ጋ ሂጂ» ብሎ ጮኸ። ሌላ ነገርም አለ፤ በሞተሩ ድምፅ አልሰማሁትም። ከንፈሩን አስታውሼ ላነበው ስሞክር ዋልኩ። አልቻልኩም።

ማክሰኞ

ዛሬ ሄድኩ። በሩ ጋ ደርሼ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ።

አዮ ሎኮ ፍየሎቹ ጋ ተቀምጠዋል። አልተነሱም፣ ሂጂም አላሉኝም። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ኋላ፣ ሳያዩኝ፣ «የሚወስዷቸው አገር ከሜጋ ከተማ ይበልጥ ይርቃል?» አሉኝ።

«ይርቃል አዮ።»

«በእግር ይደረሳል?»

«አይደረስም አዮ።»

መሬቱን በእንጨት ጫሩ። «እዚያ ውሃ አለ?» አሉ።

አለ አልኳቸው። ሳላውቅ፣ አለ አልኳቸው።