ለሦስት ሰው በተሠራ ዴስክ ላይ ስለጠፋው የትምህርት ፍላጎቴ

መጋቢት 1981 ዓ.ም.፣ ናዝሬት

ለተከበሩ ጓድ ወልደአማኑኤል፣ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር፤

እንደምን ሰንብተዋል? ባለፈው ሰኞ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል በድምፅ ማጉያ ስሜን ጠርተው የትምህርት ፍላጎቷ የሞተ ተማሪ ካሉኝ ጀምሮ ጤናዎን እየለመንኩልዎ እገኛለሁ። በስሜ የሚጠራኝ ሰው ካጣሁ ቆይቻለሁና ውለታዎ አይረሳኝም። ግለ ሂሴን ጽፌ በግድግዳ ጋዜጣው ላይ ካልለጠፍኩ የማትሪክ መፈተኛ ካርዴን እንደማልወስድ ባዘዙት መሠረት፣ ጥፋቴን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

፩ኛ፦ መምህር እያስተማሩ በመስኮት ወደ ውጭ አያለሁ። ሙሉብርሃንና ደገፋ ኅዳር ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰዱ ወዲህ፣ ለሦስት የተሠራው ዴስክ ለእኔ ብቻ ስለተለቀቀልኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው። አሁን በክርኑ የሚገፋኝ የለም፤ ሰኞ ሰኞ ከወለንጪቲ ቆሎ ይዞልኝ የሚመጣም የለም።

፪ኛ፦ የሒሳብ የቤት ሥራ አልሠራም። እውነቱን ለመናገር እጀምረዋለሁ፤ ግማሽ ላይ ስደርስ ተሳስተሻል ብሎ የሚሟገተኝ ሰው እንደሌለ ትዝ ይለኝና ደብተሩን እዘጋዋለሁ። ብቸኝነት በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ስላልተካተተ እንደ ምክንያት እንደማይያዝልኝ አውቃለሁ።

፫ኛ፦ አምና ከክፍሉ ሦስተኛ ነበርኩ፤ ዘንድሮ ከእኔ በታች የወጡት ሁለቱ የዴስክ ጓደኞቼ ብቻ ናቸው። ፈተናው ላይ ስላልተገኙ በየትምህርቱ ዜሮ ተሞልቶላቸዋል። ስማቸው ከመዝገብ እንዳይጠፋ ስለተደረገው ጥንቃቄ እጅ እነሳለሁ።

መማር እወድ ነበር፣ ጓድ ርእሰ መምህር። አሁን ለማን ብዬ እንደምማር አላውቅም። እርስዎ የሚያውቁ ከሆነ ቢጠቁሙኝ እታረማለሁ።

ለሚወስኑብኝ ቅጣት ሁሉ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ በሁለት ባዶ መቀመጫዎች መካከል በሥነ ሥርዓት የተቀመጠችው ታዛዥ ተማሪዎ፣

ውዴ ሰንበታ፣ 12ኛ ሐ

ማስታወሻ፦ በትእዛዝዎ መሠረት የደገፋን የውጤት ካርድ ወለንጪቲ ድረስ ወስጄ ለእናቱ ለአዴ ሻሼ አስረክቤአለሁ። ካርዱ ጥረት ይጎድለዋል፣ ወላጅ ይቅረብ ይላል። አዴ ሻሼ ማንበብ ስለማይችሉ ልጃቸው ከመወሰዱ በፊት የተፈተነ መስሏቸው ስንተኛ እንደወጣ ጠየቁኝ፤ አንደኛ አልኳቸው። ሰኞ ጠዋት ሊያመሰግኑዎ ይመጣሉ። የእኔን መፈተኛ ካርድ ቢከለክሉኝ ግድ የለም፤ እሳቸውን ግን እባክዎ እንኳን ደስ አለዎት ብለው ይቀበሏቸው።