ያገለገለ ማርሽ

ልጄ ዋሲሁን፣ የሰው አገር ብርድ አይንካህ፤ እመቤቴ ጥላ ትሁንህ። እኔ ደህና ነኝ፤ እዚህ ጭሮም ዝናቡ ገብቷል። የዓሣ ማጥመጃ ክር የሚጠቀለልበትን መዘውር እየጠገንክ፣ መለዋወጫውንም ከአሮጌ እየፈታህ ትሸጣለህ ካሉኝ ወዲህ ግን ሐሳብ ይዞኛል። አባትህ መኮንን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሰው ስፌት መኪና ሲጠግን የወለቀውን ዕቃ ሳይቀር ጠቅልሎ ለባለቤቱ ይመልስ ነበር። እኔ ግን እሱ ካረፈ በኋላ ለልብስ ሰፊው ለቡሽራ ያገለገለ የስፌት መኪና ማርሽ በአዲስ ዕቃ ዋጋ ሸጥኩለት። እንቅልፍ ቢነሳኝ ትርፉን ልመልስለት ሄድኩ።

«አውቄ ነበር፣ እትዬ፤ የጋሽ መኮንን ቤት ነው ብዬ ዝም አልኩ» አለኝ።

ምነው በሰደበኝ! አንተም ጋ እያወቀ ዝም ብሎ የሚከፍል አይጠፋም። እጅህ የነካውን ሁሉ ይባርክልህ፤ ብቻ እባክህ ልጄ፣ ዋጋውን ከመጥራትህ በፊት «ያገለገለ ነው» በል።

እናትህ ዘውድነሽ