የቀፎዋ ቀይ መብራት

የካቲት 4

ዛሬም ስልክ የለም። "እንደውልልሃለን" ካሉኝ ጀምሮ ስልኬን ሻወር ቤት ሳይቀር ይዤው እገባለሁ። እንዲህ ያለ ምሩቅ...

ቀኑን ቀፎዋ ውስጥ ዋልኩ። ስሟን ያወጣላት አባዬ ነው። ሲገዛት ባዶ ቆርቆሮ ነበረች፣ የዕቃ መጫኛ ቫን። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ወጣና ሌላ መኪና ገዛ! "የሰው እናት ሳመላልስ ኖርኩ፣ አሁን ደግሞ የልጆቼን እናት ላመላልስ" ነው የሚለው። አሁን አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ የእጅ መታጠቢያ አላት። ከኋላ ደግሞ ቁም ሣጥን የምታክል ሽንት ቤት። እውነቱን ለመናገር ቀፎዋ የተሠራችው ለዚያች ሽንት ቤት ሲባል ነው። እማዬ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ሽንቷን ይዛ ብዙ መቆየት አትችልም። አውቶቡስ ላይ በየጊዜው "ወራጅ አለ" ከምትል ሞቷን ትመርጣለች። በዚህ ምክንያት እህቷን ካየች ስንት ጊዜዋ። አክስቴ ደግሞ የአልጋ ቁራኛ ናት፣ አትመጣም። በስልክ ይሳሳቃሉ፣ በስልክ ይላቀሳሉ።

የኔ ድርሻ ኤሌክትሪኩ ነው። ማሳያውን መቀመጫዎቹ ፊት ለፊት፣ ሁሉም ሰው በሚያየው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። አንዱ ረድፍ ለንጹህ ውሃው፣ አንዱ ለሽንት ቤቱ ታንከር። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ያምራል... እውነት ያምራል። ከሥራ ማመልከቻዬ ጋር የላክሁት ፎቶ የሱ ነው።

ከሰዓት ስገባ እማዬ ሻርፗን ማሳያው ላይ ጣል አድርጋዋለች። አንስቼ መስቀያው ላይ አደረግሁላት። ዕቃ መስቀያ መሰላት እንዴ?

የካቲት 6

ሰሞኑን በአጭር በአጭር መንገድ እየሞከርናት ነው። ትናንት እኔና አባዬ የሽንት ቤቱን ታንከር ደፋነው። ባዶ ነው። ማሳያው ግን ቀይ። ሙሉ ነኝ ይላል።

ፊውዙ ደህና። ኔጌቲቩ ሽቦ ደህና፣ ለማንኛውም ጠበቅ አደረግሁት። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በታንከሩ ጎን ከታች ወደ ላይ የብረት ጫፎች ተተክለዋል፣ ፈሳሽ የነካው ጫፍ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ መብራቱ ይበራል። የላይኛውን ሽቦ ነቀልኩት... ቀዩ ጠፋ። መልሼ ሰካሁት... በራ። ስለዚህ ጥፋቱ ከሽቦው አይደለም። ውስጥ ጫፉ ላይ የተጣበቀ ነገር አለ፣ እርጥበት ይዞ የሚያስዋሽ።

መድኃኒቱም አንድ ነው። ክዳኑን ከፍቶ፣ እጅ አስገብቶ መቦረሽ።

ነገ።

የካቲት 7

ከክዳኑ ብሎኖች አንዱን ፈታሁ። ሽታው መጣ። መልሼ አጠበቅሁት።

ትንሽ ቆይቼ ላፕቶፔን አወጣሁ። የማሳያው ፕሮግራም ላይ ሁለት መስመር ብቻ ነው የጨመርኩት። "ድንገት ወደ ቀይ የዘለለ ንባብ የውሸት ነው፣ እለፈው" እንደማለት። ማሳያው ወዲያው አረንጓዴ ሆነ። እንዴት ያለ ንጹህ ሥራ! እጄ እንኳ አልቆሸሸም።

አባዬ ብቅ አለ።

"እህ ኢንጂነሩ?"

"ተስተካክሏል።"

"ምን ሆኖ ነው?"

"የንባብ መዋዠቅ ነው።"

"ከፍተህ አየኸው?"

"አያስፈልግም። በፕሮግራም ነው ያስተካከልኩት።"

ጎንበስ ብሎ ክዳኑን አየ። ከዚያ "እኛም የሞተር መብራት ሲበራብን ፕላስተር እንለጥፍበት ነበር" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

የካቲት 9

ነገ አክስቴ ጋ እንሄዳለን። እህቴና ባሏም አብረውን ናቸው። እማዬ ለአክስቴ የቤት ጫማ ገዝታ ስትገለባብጠው ዋለች። "እግሯን ይበርዳታል" ትላለች። ሻርፑ ዛሬም ማሳያው ላይ ነበር። ዛሬም አነሳሁት።

ክዳኑን ከፍቼ ልየው ይሆን? ጊዜ የለም... አለ። ጊዜስ አለ።

የካቲት 10

ሳንደርስ ተመለስን። ዛሬ አልጽፍም።

የካቲት 12

እስከ ግማሽ መንገድ ሰላም ነበር። አባዬ መሪውን ይዞ "የቀረ ተሳፋሪ አለ?" እያለ ይቀልዳል። እህቴ ከኋላ "ሹፌር ወሬ ተወና መንገድህን እይ" ትለዋለች። ዳኛዋ የምንላት ያልፈረደችበት ነገር ስለሌለ ነው። ባሏ እንደ ወትሮው ሱፉን ገጭ አድርጓል። ከተጋቡ ስንት ዘመናቸው፣ ከሱፍ አልወጣም። ሙሽራው ነው ስሙ በኛ ቤት።

እማዬ ቶሎ ቶሎ ትገባ ነበር። በወጣች ቁጥር ማሳያውን ቀና ብዬ አያለሁ። አረንጓዴ። "ይኸው፣ ገና ብዙ ቦታ አለ" እላለሁ፣ ጮክ ብዬ። ለሙሽራው አሠራሩን እያስረዳሁት ነበር፣ ጣቴን መብራቶቹ ላይ እያሳረፍኩ። እሱ ከትሕትና ብዛት አንገቱን ይነቀንቃል። አንዴም ቢጫ አላለም። ለምን ቢጫ አይልም ብዬ ራሴን እንኳ አልጠየቅሁም...

ቁልቁለቱ ላይ አባዬ ፍሬን ያዘ። እማዬ ውስጥ ነበረች። መጀመሪያ የሚንቦጫረቅ ድምፅ... ከዚያ በበሩ ሥር መጣ። ወለሉን ይዞ ወረደና የሙሽራው ጫማ ጋ ደረሰ።

ማሳያው አረንጓዴ ነበር።

አባዬ ዳር ይዞ አቆመ። እማዬ ግን አልወጣችም። ዳኛዋ አንኳኳች። "እማዬ፣ እኔ ነኝ። ብቻዬን ነኝ" አለች፣ ሁላችንም ከጀርባዋ ቆመን ሳለ። ሙሽራው እግሩን ቀስ ብሎ አነሳ። "ውሃ ነው" አለ፣ በሩን አልፎ እንዲሰማ አድርጎ። "የእጅ መታጠቢያው ቱቦ ነው የለቀቀው። ውሃ ነው።" ውሃ አለመሆኑን አፍንጫ ያለው ሁሉ ያውቃል። ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውንም አውልቆ ኪሱ ከተተ። በባዶ እግሩ ወርዶ መንገድ ዳር ቆመ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ እስክትወጣ።

ስትወጣ ማንንም አላየችም። አባዬን "መልሰኝ" አለችው። ይኼው ነው።

የካቲት 14

እማዬ የቀፎዋን ወለል ስታጥብ ደረስኩ። ብሩሹን ልቀበላት ስል "ተው፣ የኔ ነው" አለች።

የኔ ነው አለች።

ምሳ ላይ ከዳኛዋ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። "እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ውሃ አብዝቼ ለቀቅሁበት መሰለኝ። ልጁ ስንት ለፍቶ የሠራውን..." ኮሪደሩ ላይ ቆሜያለሁ። በሩ ክፍት ነው። ሁለት እርምጃ ገብቶ "አይደለም" ማለት ምን ይከብዳል? አፌ ውስጥ ዳቦ ነበር። እሱን እያኘክሁ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

ቆይታ ደግሞ አባዬን፦

"ሽጣት።"

"ምኗን?"

"ቀፎዋን። ለኔ ብለህ ከሆነ ይቅርብኝ።"

"እህትሽስ?"

"ድምጿን እሰማለሁ። ይበቃኛል።"

ኀፍረት ፊት ላይ ነው የሚቀመጠው ብዬ ነበር። ሆድ ውስጥ ነው ለካ። ይዘኸው ትበላለህ፣ ይዘኸው ትተኛለህ።

የካቲት 15

ቀፎዋን የሚገዛ ሰው መጥቶ አየ። ማሳያውን ወደደው።

የካቲት 16

ገዢው ከነገ ወዲያ መልስ ይዞ ይመጣል። ጠዋት ተነሥቼ ታንከሩን ደፋሁና የክዳኑን ብሎኖች ሁሉ ፈታሁ።

በአሮጌ ካናቴራ አፍና አፍንጫዬን አሰርኩ። እጄን እስከ ብብቴ አስገባሁ። ጫፎቹን በዳበሳ አገኘኋቸው። የታችኛው ንጹህ ነው። የመካከለኛውም። የላይኛው ላይ ወረቀት ተጋግሮበታል። በጥፍሬ ፈነቀልኩት። ይኸው ነበር... የኔ "የንባብ መዋዠቅ" የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ወረቀት ናት። እሷ ሁልጊዜ "ቀይ" ትላለች፣ የኔ ሁለት መስመር ሁልጊዜ "ውሸትሽን ነው" ይላል። ታንከሩ በእውነት ሲሞላም ያው መልስ። አንድ ጊዜ ሐሰት ስለተናገረ ከዚያ በኋላ እውነት እንዳይናገር አፉን ዘጋሁት።

ስልኬ ጠራ። መሬት ላይ፣ አጠገቤ ነበር። ሥራ ያመለከትኩበት መሥሪያ ቤት ቁጥር። እጄ እስከ ብብቴ ታንከር ውስጥ ነው። ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም አለ። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ሳቅ አልሆነም።

አባዬ ሳልጠራው ውሃ የሞላ ባልዲ ይዞ መጣ። የፈታኋቸውን ብሎኖች አየ።

"አሁን ከፈትከው።"

"ያኔ መክፈት ጀምሬ እንደተውኩት አውቀህ ነበር?"

"የአንዱ ብሎን ቀለም ብቻ ነበር የተላጠው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

ባልዲውን አስቀመጠ። "ብናገር 'እንግዲያስ አንተ ክፈተው' ትለኛለህ ብዬ" አለ። "እኔም አልፈለግሁማ።"

ከዚያ በኋላ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ሠራን። ጫፎቹን በሙቅ ውሃና በሳሙና ቦረሽኩ። ሁለቱን መስመሮች ከፕሮግራሙ አጠፋሁ። አባዬ ውጭ ሆኖ ውሃ ይጨምራል፣ እኔ ማሳያው ጋ ሆኜ እጮሃለሁ። "አረንጓዴ!"... ባልዲ... "ቢጫ!"... ባልዲ... ቀይ። ቀይ ሲበራ እንዴት ደስ አለኝ። ወዲያው ግን እማዬ የቤቱ መስኮት ላይ ቆማ ስታየን አየሁ። መጋረጃውን ለቀቀችው።

የካቲት 17

እማዬ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"ውሃ አላበዛሽም" አልኳት። "ታንከሩ ሲሞላ መብራቱ ቀይ እንዳይበራ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ከፍቼ ማጽዳት ነበረብኝ። አልከፈትኩትም።"

"ለምን?"

ጊዜ አጥቼ ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ተጸየፍኩ።"

የያዘችውን ፎጣ አጠፈች። ፈታችው። እንደገና አጠፈችው። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ።

"እኔም እጸየፈዋለሁ" አለች። "የራሴን።"

አንድ ፎጣ አንስቼ ማጠፍ ጀመርኩ።

"ያን መብራት እዚያ ስቀለው ያለህ ማን ነው?"

"ማንም... እዚያ ጥሩ ይታያል ብዬ ነው።"

"ይታያል። በወጣሁ ቁጥር ሁላችሁም ቀና ትላላችሁ። አባትህ በመስታወቱ፣ አንተ በጣትህ። አማቼ እንኳ ሳይቀር። እንደ ኳስ ሜዳ ውጤት። ሻርፔን ጣል አደረግሁበት፣ አነሳኸው። ደግሜ ጣል አደረግሁ፣ ደግመህ አነሳኸው። ኋላ ውሃ መጠጣት ተውኩ።"

ሐኪሙ ብዙ ጠጪ ያላት ሴት። እኔ ደግሞ ሻርፑን በክብር መስቀያው ላይ ስሰቅል ነበር... ጨዋ ልጅ።

"ገዢው ነገ ይመጣል" አልኳት ስወጣ።

"አውቃለሁ" አለች።

የካቲት 18

ማሳያውን ከግድግዳው ነቅዬ አወረድኩት። ሽንት ቤቱ ውስጥ፣ የበሩ ጀርባ ላይ ገጠምኩት። የተቀመጠ ሰው ያየዋል፤ ውጭ ያለ አያየውም። እማዬን ጠራኋት። ገባች፣ በሩን ዘጋች። ቆየች። ምን እያየች ነው? እዚያ ውስጥ መብራትና ግድግዳ እንጂ ምን አለ...

"ሲቀላ እኔ ነኝ የምናገረው?" አለች ከውስጥ።

"አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው።"

ገዢው ሲመጣ በር ላይ ያገኘችው እሷ ናት። "ውይ የኔ ወንድም፣ አደከምንህ። ሐሳባችንን ቀየርን" አለችው። አባዬ ከጓሮ ሰምቶ ሳል ያዘው።

ለመሥሪያ ቤቱ ደወልኩ። ሰኞ ና አሉኝ። ሴትየዋ "ያን ፎቶ ላይ ያለውን ማሳያ ወደነዋል፣ ስለሱ ታስረዳናለህ" አለች። ከዚያ ቦታ አንስቼዋለሁ አልኳት። "ምነው?" አለች። ቦታው ስሕተት ነበር አልኳት። ሰኞ ምን ብዬ እንደማስረዳ አላውቅም። ጫፉን ከመቦረሽ እጀምር ይሆናል።

የካቲት 24

አክስቴ ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው።

ሙሽራው በሱፉ መጣ። እማዬ እግሩን አየች።

"እነዚያ ጫማዎች ናቸው?"

"የትኞቹ?" አላት። ተወልውለው ያበራሉ።

ግድግዳው ላይ ማሳያው የነበረበት ቦታ አራት ቀዳዳ ቀርቷል። ዳኛዋ "ይኼን አይጥ ነው የበላው?" ብላ ፈረደችብኝ። እማዬ መንገዱን ሁሉ ከጠርሙሷ ውሃ ትጎነጭ ነበር። ገባች፣ ወጣች። ማንም ቀና አላለም። የት ማየት እንዳለብኝ ጠፍቶኝ ጉልበቴን አያለሁ። አሁንም ስትወጣ ፊቴ ይግላል። ይህ ቶሎ የሚለቅ አይመስለኝም።

ከቁልቁለቱ በፊት ከሽንት ቤቱ ወጥታ ወደ ፊት ሄደች። የአባዬን ትከሻ ነካ አደረገች።

"ሹፌር፣ ወራጅ አለ።"

አባዬ ለምን ብሎ አልጠየቀም። ነዳጅ ማደያው ጋ ገብቶ የፍሳሽ መደፊያው ጉድጓድ አጠገብ አቆመ። ቱቦውን እኔ አወጣሁ። በአፍንጫዬ ላይ ምንም አላሰርኩም። ሙሽራው ኮቱን አውልቆ ለዳኛዋ ሰጠና የቱቦውን ሌላ ጫፍ ያዘልኝ።

የቤት ጫማው ለአክስቴ ትንሽ ሰፍቷታል። አትቆምበትም፣ ምን ቸገራት። ሁለቱ አንድ አልጋ ላይ ተጋድመው ከጎን ክፍል ሲሳሳቁ ይሰማኛል።

መንገድ ላይ ቀይ ይብራ፣ ቢጫ ይብራ፣ አላየሁም። ሻርፑ ግን ቀኑን ሙሉ አንገቷ ላይ ነበር።