ኩሬው የጠቆረበት ጥቅምት

መስከረም 22
ውሃ ልቀዳ ስወርድ የሰፈራችን ኩሬ ግማሹ አረንጓዴ ለብሷል። አረሙ ጀሪካን አላስጠልቅ አለ... በእጄ ገፋ ገፋ አድርጌ ቀዳሁ። የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝና እሑድ ሁሉም ወጥቶ እንዲነቅል አስነገርኩ። ይመጡ ይሆን? የሁሉም ሰሊጥ ደርሷል። የኔም።

መስከረም 26
የመጡት ሁለት ሰው። አያ ደረበና ጎረቤቴ እመቤት። እስከ ጉልበታችን ገብተን ነቀልን፣ ነቀልን... ዳሩን እንኳ አልጨረስንም።

መስከረም 28
ወንድሜ ሰጠኝ መጣ። ለማሽላው ከገዛው ፀረ አረም ተርፎታል። «አንዴ ብረጨው አለቀ። አንቺም ወደ ሰሊጥሽ ትሄጃለሽ።» ሰው የሚጠጣው እኮ ነው አልኩት። «ዳር ዳሩን ብቻ!»
እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ? ሰሊጤ እየረገፈብኝ ነዋ።
ከመረጨቱ በፊት ግን የራሴን ሁለት በርሜል ሞላሁ።

ጥቅምት 6
አረሙ ቢጫ ሆኖ ሰመጠ። እመቤት «እጅሽ ይባረክ! እንዴት ጨረስሽው?» አለችኝ። ከሰጠኝ ጋር ነቀልነው አልኳት። ደግሞ ሳቅሁ። መሳቄ!

ጥቅምት 10
ውሃው ጠቁሯል፣ ይሸታል። ዓሣ ሞቶ ዳር ላይ ተንሳፍፏል። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ተሰበሰብን። አንዱ ተነስቶ «የቀን ሠራተኞቹ ናቸው፤ ይታጠቡበታል» አለ። ለአጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የመጡትን ማለቱ ነው። ሁሉም ወደኔ ዞረ።
«ሳይሆን አይቀርም» አልኩ። ከአፌ ወጣ...
ሠራተኞቹ ከኩሬው ይከልከሉ ተባለ። እኛ እያፈላን እንጠጣለን።

ጥቅምት 11
መግቢያው ላይ ቆሜ የመለስኳቸው እኔው ነኝ። የአያ ደረበን ሰሊጥ የሚያጭድ ቢሆነኝ የሚባል የጎጃም ሰው አለ። «እትዬ፣ እኛ የምንታጠብ ወንዝ ወርደን ነው። እዚህ እግራችንን ነክረን አናውቅም» አለኝ። ዓይኑን ማየት አቃተኝ። የኮሚቴው ውሳኔ ነው አልኩት። ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ተመለሰ።

ጥቅምት 18
ቢሆነኝ ለሕክምና በባጃጅ ወደ መተማ ዮሐንስ ተወሰደ። ተቅማጥና ትውከት። የሚጠጣው ቢያጣ ማሳው ቦይ ውስጥ ያቆረውን ጠጥቶ... እመቤት ናት የነገረችኝ።

ጥቅምት 20
ዛሬም አልተናገርኩም።

ጥቅምት 24
ተናገርኩ። ዋርካው ሥር፣ ሰው ሁሉ ባለበት። «ፀረ አረም አስረጭቼበት ነው። ሠራተኞቹ ምንም አላደረጉም።»
ሰጠኝ ተነስቶ ሄደ።
አያ ደረበ «ስንጠጣው እያየሽ?» አሉ። እያየሁ...
«አንቺስ ምን ስትጠጪ ከረምሽ?» አለች እመቤት። ስለ በርሜሎቹ ነገርኳት። ለልጆቿ ከዚያ ኩሬ ስታፈላ ነው የከረመች። ፊቷን አዞረችብኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 8
ሰብሳቢዋ አሁን እመቤት ናት። ውሃው እስኪመረመር ኩሬው ተዘግቷል። በቦቴ የሚመጣውን ነዋሪውም ሠራተኛውም በአንድ ሰልፍ ይቀዳል። የበሰበሰውን አረም በእጅ እያወጣን ነው። እኔም እወጣለሁ። አጠገቤ የሚቆም የለም። ሰጠኝም አያናግረኝም።
ዛሬ ቢሆነኝን ሰልፉ ላይ አየሁት። ከስቷል። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ሰው ፊት።
«እኔስ ይሁን፣ ድኛለሁ» አለ። «ያን ቀን አብረውኝ የተባረሩት ግን አዝነው፣ ሌላ ሥራ ፍለጋ ወደ አብርሃ ጅራ ሄዱ። እነሱን የት ያገኟቸዋል?»
ጀሪካኑ ሲሞላ ላግዘው እጄን ሰደድኩ... አልሰጠኝም። ትከሻው ላይ አድርጎ እያረፈ፣ እያረፈ ሄደ።